ያልተመረጠው ስሌት

ሽማግሌው ሌናርድ ፕሩስኪ በቢሯቸው ምድር ቤት ደረጃ ግርጌ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በቡፋሎ ከተማ የሰው ግብር የሚያሰላ ባለሙያ የግብር ማስገቢያው ቀን በሚያበቃበት በኤፕሪል ወር ለመሞት ቀርቶ ለመታመም እንኳ ጊዜ የለውም፤ እሳቸው ግን ሞቱ።

መርማሪ ሎሬታ ሳንቶሮ ስትደርስ ውጭ በረዶ ይጥላል። ኤፕሪል ተጋምሶም በረዶ! አልገረማትም። ከዚህ ከተማ ደግ ነገር መጠበቅ ካቆመች ቆይታለች።

የሟቹ ልጅ ሴለስት ደረጃው አናት ላይ ቆማለች። መርማሪዋን ስታይ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባዬ ራሱን ነው የጣለው?»

«ለምን እንዲህ አሰብሽ?»

«ይህን ደረጃ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። ዕድሜውን የኖረበት ቢሮ ነው። ትናንት ጠዋት ደውዬ፣ ‹ቢሮውን ለመሸጥ ካልፈረምክ እሑድ ቤቴ እንዳትመጣ፣ ልጆቹንም አታያቸውም› አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ዘጋው። እኔ ነኝ የገደልኩት? በአፌ ነው የገደልኩት?»

ሎሬታ ለሟች ቤተሰብ ቃል አትገባም። የዚያን ዕለት ግን ገባች። «እውነቱን አጣርቼ እነግርሻለሁ፣» አለቻት።

አርብ ከሰዓት በኋላ በዚያ ቢሮ ከሟቹ ጋር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሥራ ሸሪካቸው በርናዲን ኦኩልስኪ፣ ቢሮውን የሚያስተዳድረው የሴለስት ባል ቶድ ሄርሊ፣ እና ሮይ ሃቸር የሚባል ደንበኛ።

በርናዲን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ። የምድር ቤቱን በር ከፍቼ መብራቱን ባበራ፣ ከታች ተዘርሯል። የሃቸርን አሮጌ ፋይል ደረቱ ላይ እንዳቀፈ።»

«አርብ ዕለት መቼ ወጡ?»

«ሃቸር ጮሆ እንደሄደ እኔም ወጣሁ። አርብ አይደል? ቤተ ክርስቲያኑ አርብ ማታ የሚሸጠው የዓሣ ጥብስ ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብዬ ነዋ። ሌናርድና ቶድ ቀሩ። ቶድ ገና ከኮሪደሩ ሳልወጣ መብራቱን ድርግም አደረገብኝ። ሴለስት እኮ ባል ሳይሆን የመብራት ቆጣሪ ነው ያገባችው! ሽንት ቤት ተቀምጠሽ እንኳ ያጠፋብሻል።»

ሎሬታ ሳቅ አለች።

ሃቸር የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ካናዳ የሚሠራ ግዙፍ መሐንዲስ ነው። «አዎ፣ ጮኽኩ» አለ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ። «ለካናዳ ገብሬ፣ እዚህ ደግሞ ይህን ያህል ትከፍላለህ ስባል ምን ላድርግ፣ ልዘፍን? ሌናርድ አልተቆጣኝም። ‹ሰኞ ና፣ የምነግርህ ነገር አለኝ› ብሎ ሸኘኝ። ለምን እገድለዋለሁ? ከእሱ ሌላ የእኔን ጣጣ የሚያውቅ ማን አለ?»

ቶድ መልከ መልካም ነው፤ ንግግሩም የታሸ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ማሞቂያና ስለ ማስታወቂያ ጠይቁት እንጂ ከስሌቱ ጋር አይተዋወቅም።

«ስወጣ ደህና ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ጽፈው አፍጥጠውበታል፤ የሃቸር ነው። ‹ከሁለቱ ስሌት የትኛውን እንደምመርጥለት ገና አልወሰንኩም። ምሽቱን ሙሉ ይፈጅብኛል፣ አንተ ሂድ› አሉኝ። ሄድኩ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ዓሣ ስበላ ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል።»

«ስለ ሽያጩስ አልተነጋገራችሁም?»

«በዚህ ወቅት? ሥራ አናታቸው ላይ ተቆልሎ?»

ባለ ሁለት ረድፉ ወረቀት በርግጥም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሎሬታ እሑድ ወረቀቱን ይዛ በርናዲን ቤት ሄደች። «ለሕፃን ልጅ እንደሚያስረዱ አድርገው ያስረዱኝ» አለቻቸው። በርናዲን አስረዷት። ከዚያ ቤት ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ለሴለስት ጥያቄ መልስ አግኝታለች፤ የሚያጽናና ግን አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም፣ ሴለስትንም በሌናርድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። የሟቹ ወንበር ባዶውን ነው፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም።

«ከመብራቱ እንጀምር» አለች ሎሬታ። «ማብሪያና ማጥፊያው ከላይ፣ በሩ አጠገብ ነው። በርናዲን ሌናርድን ከማየታቸው በፊት መብራቱን ማብራት ነበረባቸው። ወድቆ የተፈነከተ ሰው ተነሥቶ መብራት አያጠፋም።»

«በጨለማ ወርደው ይሆናላ» አለ ቶድ። «ደረጃውን በቃላቸው ያውቁታል።»

«ደረጃውን አዎ። ፋይሉን ግን ከስንት መቶ ፋይል መሃል አንብበው ነው የመረጡት። በጨለማ አይነበብም። ፋይሉን ይዘው ሲመለሱ መብራቱ በርቷል፤ እላይ ሊደርሱ ሲሉ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አጠፋው።» ወደ በርናዲን ዞረች። «በርናዲን፣ ሌናርድ አርብ ዕለት ለሃቸር ከሁለቱ ስሌት አንዱን መምረጥ ይችሉ ነበር?»

«በምን አቅሙ!» አሉ በርናዲን። «ውጭ አገር የገበረ ሰው ያ ግብር እዚህ ከሚከፍለው ላይ ይቀነስለታል። መንግሥት ደግሞ ገቢያቸው የበዛ ሰዎች በቅናሽ እንዳያመልጡት ግብራቸውን በሌላ መንገድ ሁለተኛ ያሰላዋል። በዚህ በሁለተኛው ላይ፣ የውጭው ግብር የሚቀነስበት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ቀላል። ቀላሉን የምትመርጪው ግን ይህን ቅናሽ በጠየቅሽበት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ያን ዓመት ዝም ካልሽ በሩ ተዘጋ፤ እስከ መጨረሻው በረጅሙ ነው። ሌናርድ የሃቸርን የመጀመሪያ ዓመት ረሳው። የራሱ ሚስት የሞተችበት ዓመት ነበር።»

ሃቸር ቀና አለ።

«ለአንተ ቀላሉ ይሻልህ ነበር፣ ሮይ» አሉት። «በየዓመቱ ያንተን ሥራ አጠናቆ ካበቃ በኋላ፣ ያልመረጠውን ስሌት ከጎኑ ያሰላዋል። ምን እንዳሳጣህ ሊያይ። ንስሐው ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያለው ምርጫ አይደለም፣ ቁጭት ነው» አለች ሎሬታ። «‹የትኛውን እንደምመርጥ አልወሰንኩም፣ ምሽቱን ይፈጅብኛል› የሚለው ቃል ከሌናርድ አፍ ሊወጣ አይችልም። ሥራውን የማያውቅ ሰው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አይቶ፣ ሽማግሌውን ሲተዋቸው ደህና ለማስመሰል የፈጠረው ነው። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ቶድ። ከሁሉ በኋላ የወጡትም እርስዎ ነዎት። መብራት ሳያጠፉ ከየትም አይወጡም።»

ቶድ ሚስቱን ላለማየት መስኮቱን አየ።

«‹እፈርማለሁ› አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ግን መጀመሪያ ሰኞ ለሃቸር የምነግረው አለኝ› አሉ። ሰበብ መሰለኝ። ሁልጊዜ ሰበብ ነበራቸው። ፋይሉን አቅፈው ሲወጡ ገፋኋቸው። አንዴ ነው የገፋኋቸው። መብራቱን መቼ እንዳጠፋሁት እንኳ አላውቅም።»

«ሊነግረኝ የነበረው ይህን ነው?» አለ ሃቸር። «ለዚህ ነው?» ግዙፉ ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

ሎሬታ ወደ ሴለስት ዞረች። «አባትሽ ራሳቸውን አልጣሉም። ሊፈርሙልሽ ነበር። በአንቺ ቃል አልሞቱም።»

ካቴና እየገባለት የነበረው ቶድ ያን ጊዜ ሚስቱን አያት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «‹ዛሬ ሳታስፈርም ቤት እንዳትገባ› ያልሽኝ ማን ነው ታዲያ?»

ሴለስት አልካደችም። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«ዓሣ ጥብሱ ጋ ቦታ ይዤለት ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ገና ኮቱን ሳያወልቅ ‹ፈረመ?› አልኩት። ‹አልፈረመም› ሲለኝ ተናድጄ ፊቴን አዞርኩበት። አባዬ እንዴት ነው፣ በልቷል ወይ፣ ብቻውን ነው ወይ፣ አላልኩም። ስንመለስ ጎራ ብለን እንየው አላልኩም።» ከዚያ ዓይኗን ወደ መርማሪዋ አነሣች። «ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደል?»

በርናዲን ሎሬታን አይተው ራሳቸውን በልመና ነቀነቁ። ሎሬታ ሐኪሙ የነገራትን ታውቃለች። መዋሸት ፈለገች፤ ግን ሴለስት ዛሬ ባትሰማው ነገ ፍርድ ቤት ትሰማዋለች።

«አይደለም» አለቻት። «እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በሕይወት ነበሩ።»