ሐመሩ ሐ

ጌዲዮን ከአርባ ምንጩ የሴቻ ሰፈር ገደል ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ሲገኝ ሸሚዙ ከፊት ርሷል፤ ከኋላ ግን ደረቅ ነበር። ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ ሬሳው ተኝቶበት የነበረውን አፈር በመዳፏ ነካችው። ዱቄት ነው። ዙሪያው ሁሉ ግን ጭቃ።

«ራሱን ነው የጣለው» አላት አብሯት የመጣው ፖሊስ ክንፉ። «ስንብቱን ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ ነው የሄደው። ከተማው ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው።»

«ስንት ሰዓት ላይ ለጠፈ?»

«ትናንት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ።»

«ዝናቡስ?»

«አሥር ሰዓት ላይ ጀመረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባራ።»

ሮማነወርቅ እጇን አራገፈች። «እንግዲያው ይሄ ልጅ ከዝናቡ በፊት ወድቆ፣ ከዝናቡ በኋላ ጽፏል ማለት ነው። ጎበዝ ሬሳ ነው!»

ክንፉ ሊስቅ ፈለገና ፊቷን አይቶ ተወው።

ጌዲዮን የዶርዜ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ሥራውን ሲያስረዳ እናቱ እንኳ አልገባትም ነበር። ከገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራው ጥላ ሎጅ የራሱ ድረ ገጽ አለው፤ ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ ጌዲዮን ጽሑፎቹን ስማቸው በገነነና ጎግል በሚያምናቸው ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ ያወጣ ነበር። ሰው «ጫሞ» ብሎ ሲፈልግ እነሱ ቀድመው ይመጣሉ፤ ሎጁም በእነሱ ጫንቃ ላይ ሆኖ አብሮ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ይህን ሙያ የሚያውቅ በአርባ ምንጭ ከእሱ ሌላ አልነበረም። ሙያው ግን ሌላም ጎን ነበረው። ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ካለ፣ ወደ ታች የሚገፋም አለ።

የሎጁ ባለቤት አቶ ሽበሺ ኢንስፔክተሯን በረንዳው ላይ ተቀበሏት። ከበሩ አጠገብ በራሳቸው እጅ በጠመኔ የተጻፈ የምግብ ሰሌዳ ቆሟል፤ «የጫሞ ሀይቅ አሳ ጥብስ» ይላል። ሮማነወርቅ ሰሌዳውን ረዘም አድርጋ አየችው።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጀልባዎቹ ዘንድ፣ ታች ጫሞ። ዝናቡ እዚያው ይዞኝ አመሸ።»

«ጌዲዮን ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ወርቅ ነበር እንጂ!» አሉ። «ፊደሉ ብቻ ጉድ ነው። መምህር ዘሚካኤል ያርሙለታል፣ እሱ መልሶ ያበላሸዋል። እያወቀ ነው እኮ! ‹ጋሼ፣ ሰው በሚሳሳተው ልክ ካልተሳሳትን ማንም አያገኘንም› ይለኝ ነበር። ስልኩ ላይ ቀድሞ የመጣለትን ፊደል ነው ሰው የሚነካው። እኔንም ያስለመደኝ እሱ ነው።»

«ጠላት ነበረው?»

አቶ ሽበሺ ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱ። «ያቺ ሴትዮ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ተቀምጣለች።»

መምህር ዘሚካኤል ጌዲዮን ይሠራበት በነበረው ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከሰሜን መጥተው ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። የልጁን ጽሑፎች ያርማሉ፤ በእሱ ኮምፒውተር ላይም ይተይባሉ።

«ትናንት አግኝተውታል?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ተለየሁት። ዝናቡ ሳይመታኝ ወደ ቤቴ፣ ታች ሲቀላ ሰፈር ወረድኩ። ምነው በቆየሁ!» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባው እውነተኛ ነበር። ሮማነወርቅ ይህንንም ልብ አለች።

ወይዘሮ ልክነሽ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ነበሩ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴት ልጃቸውን እንደ ወንድ ነው የሚጠሯት።

«ልጄ አርሴማ በዚህ ሎጅ ጀልባ ሄደ» አሉ። «የሚያንሳፍፈውን ጃኬት አልሰጡትም። ማዕበል ሲመጣ ጫሞ በላው። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጻፈው። ይሄ ጌዲዮን ደግሞ የሎጁን ውዳሴ በላዩ ላይ፣ በላዩ ላይ ጻፈ። አሁን ልጄ ጎግል ላይ ሲፈለግ ዘጠነኛ ገጽ ላይ ነው አሉኝ። ዘጠነኛ ገጽ ማን ይሄዳል?»

«ምን እንዲሆንልዎት ነው የሚፈልጉት፣ እናቴ?»

«ስሙ አንደኛ ገጽ ይውጣ። ሌላ እናት ልጁን ጀልባ ላይ ሳይጭን ይየው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጌዲዮን ባለፈው ሳምንት እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ‹እኔ እንደቀበርኳት እኔ አወጣታለሁ፣ እውነቱን ጽፌያለሁ› አለኝ። ትናንት እሱን ልጠይቅ መጣሁ።»

«ማን ሲወጣ አዩ?»

«ዝናብ እስኪያባራ እዚህ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ተጠለልኩ። መምህሩ ብቻ ወጡ። ‹አባርቷል፣ ወደ ቤትሽ ግቢ› አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሮማነወርቅ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ከገደሉ ወዲያ ጫሞ እንደ ወትሮው ጸጥ ብሎ ይታያል። ስልኳን አወጣችና አነበበች።

«‹ዝናቡ አሁን አባራ። ጫሞ ሐይቅን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ዓሣ አጥማጆቹ ተመለሱ፤ እኔ ግን አልመለስም። ስለ ሞቴ ማንም አይጠየቅ።› ጥሩ አማርኛ ነው። ችግሩ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጌዲዮን ከሞተ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው። አስቀድሞ ጽፎት ነው እንዳልል ደግሞ ዝናቡ እንደሚያባራ ማን ነገረው? ስለዚህ ሌላ ሰው ጻፈው።»

ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ወይዘሮ ልክነሽ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ቀሪው ሁለት ሰው ነው። ጠዋት ይህን ስንብት ጎግል ላይ ፈለግሁት። ጌዲዮን እንደሚጽፈው፣ እንደ ማንኛችንም፣ በሃሌታው ሀ ‹ሀይቅ› ብዬ ጻፍኩ። የእሱ ሌሎች ጽሑፎች ተግተልትለው መጡ፤ ስንብቱ ግን የለም። ክንፉ አድራሻውን ልኮልኝ ነው ያየሁት። ይህ ልጅ የኖረው እንዲገኝ በመጻፍ ነው፤ የመጨረሻ ቃሉን ማንም በማያገኘው ፊደል ይጽፋል? አቶ ሽበሺም አይጽፉትም፤ ሰሌዳቸው ይመሰክራል።» ዞር አለች። «መምህር፣ ሐይቅ በየትኛው ነው የሚጻፈው?»

«በሐመሩ ሐ» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

ዓመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ፤ ያወጣቸው ዓመላቸው ነው። ሰው ገድሎ እንኳ ፊደል የማይሳሳት ሰው!

«ዘጠኝ ተኩል ወጣሁ ብለው ነበር» አለች ሮማነወርቅ ቀስ ብላ። «ወይዘሮ ልክነሽ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ አይተዎታል።»

«ሚካኤል አንድ ልጄ ነው» አሉ መምህር ዘሚካኤል። «ያን ቀን ጀልባውን የነዳው እሱ ነው። ጌዲዮን አዲሱን ጽሑፍ አትሞ ለእርማት ሰጠኝ። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ‹ጀልባውን ማን እንደነዳ አውቃለሁ› ይላል። ተወው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። የገደሉ አፋፍ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር… ገፋሁት። እግዚአብሔር ያየኛል፣ እንዲወድቅ አላሰብኩም። ዝናቡ እስኪያባራ እዚሁ ተቀመጥኩ፤ ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። የእሱን አጠፋሁ፣ የኔን ጻፍኩ።»

«ወረቀቱስ? የተማሪ ወረቀት ቀደው የሚጥሉ አይመስለኝም።»

ሽማግሌው ከቦርሳቸው ሁለት ገጽ አውጥተው ሰጧት። የመጀመሪያው በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል፤ ‹ሀ›ው ሁሉ ተሰርዞ ‹ሐ› ሆኗል። ሁለተኛው ንጹሕ ነው፣ አልተነካም። ሮማነወርቅ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ስሙን ግን አልጠራም፤ እሱም የታዘዘ ልጅ ነው። ያለ ጃኬት ሂድ ብለው ያዘዙት አቶ ሽበሺ ናቸው።›»

አቶ ሽበሺ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «የሞተ ሰው ወሬ ነው!» አሉ። መምህር ዘሚካኤል ግን አልሰሟቸውም። «ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም» አሉ። ደጋግመው ይህንኑ አሉ፤ ክንፉ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን ሲያወርዳቸውም ይህንኑ ይሉ ነበር።

ልክነሽ ወደ ሮማነወርቅ ተጠጉ። «አሁን የልጄ ስም ይወጣል?»

ሮማነወርቅ ስልኳ ላይ «አርሴማ ጫሞ ሀይቅ» ብላ ጻፈች። አንደኛ፦ «የማይረሳ የጀልባ ሽርሽር በጫሞ»፣ ጸሐፊ ጌዲዮን። ሁለተኛውም የእሱ፤ ሦስተኛውም። እስከ ገጹ መጨረሻ የእሱ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ከእንግዲህ ጽሑፎቹን ከዚያ የሚያነሳም የለም። ታች ጫሞ ላይ አንዲት የሎጁ ጀልባ እንግዶች ጭና ስትነሳ ከበረንዳው ትታያለች።

«ይሄንስ ወረቀት?» አሉ ልክነሽ። «እውነቱ እዚህ አለ አይደል?»

«ወረቀቱ ማስረጃ ነው፣ እናቴ። መዝገብ ውስጥ ይገባል።»

ልክነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁ።

«መዝገቡስ ስንተኛ ገጽ ነው?»