አሥራ ሦስቱ የት ሄዱ?

«ትጋትና ጽናት…» አለች ሶረቲ፤ ከዚያ ቆም ብላ ጣሪያውን አየች፣ ቀጣዩ ቃል እዚያ የተጻፈ ይመስል።

ጂቱ ስልኩ ላይ ያሳረፈችውን ጣቷን ወደ ጎን ስባ ድምፁን ሰረዘችው። ዘጠነኛ ሙከራ።

ሶረቲ አንደኛ ክፍል ናት። መምህርቷ ቲቸር ሑስና በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ዘጋቢ ፊልም ልካ፣ ልጆቹ ከፊልሙ የተማሩትን አንድ ነገር በራሳቸው ድምፅ እንዲልኩ አዛለች። እናታቸው ፋና ሞጆ ከተማ ባለ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ስለምትሠራ ቅዳሜም እስከ ከሰዓት አትገኝም። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍሏን እህቷን ጂቱን ግሩፑ ውስጥ አስገብታ ሥራውን እሷ ላይ ጣለችው። ጂቱ ደግሞ ሥራ ከተጣለባት ቶሎ ተገላግሎ መሮጥ ነው የምታውቀው።

ፊልሙ ድሮ በባቡር ጣቢያ ቡፌ አኮርዲዮን፣ ያን እየተሳበ የሚከፈትና የሚዘጋ የሙዚቃ ሳጥን፣ ይጫወቱ ስለነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ጂቱ እያስሮጠች ልታሳያት ሞክራ ነበር፤ ሶረቲ እጇን ይዛ ከለከለቻት። መሀል ላይ የሽማግሌው ጣት ሳተ። ቆሙ፣ ካሜራውን አዩ፣ «ተሳስቻለሁ፤ እንደገና» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሶረቲ በሳቅ ፈረሰች። ያቺን ቦታ አራት ጊዜ አስመልሳ አየቻት።

ምን ተማርሽ ስትባል መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ «ሳጥኑ ይተነፍሳል። አባባ ሲሳሳቱ ሳጥኑም ትንፋሹን ይይዛል።»

ይሄ ትምህርት ነው እንዴ፣ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብሻል አለቻት ጂቱ። ከዚያም ከዜግነት ደብተሯ ወረቀት ቀድዳ ራሷ ጻፈችላት፤ ከተመለከትኩት ዘጋቢ ፊልም ትጋትና ጽናት ለስኬት መሠረት መሆናቸውን ተምሬአለሁ።

ይኼው ወረቀቱ ሶረቲ እጅ ላይ በላብ ረጥቧል። የጂቱ ጓደኛ ሱሃይላ ደግሞ በር ላይ ቆማለች፤ ጭማቂ ቤት ተቀጣጥረዋል። ወላሂ ጥዬሽ ነው የምሄደው እያለች የበሩን ቆርቆሮ ሁለቴ መትታዋለች።

አሥረኛው ላይ ሶረቲ ተደናቀፈች። ድምፅዋን አጎርንና፣ «ተሳስቻለሁ፤ እንደገና» አለች።

«አንቺ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

ሰረዘችው። አሥራ አንደኛውንም፣ ሶረቲ ያስነጠሰችበትን አሥራ ሁለተኛውንም፣ አሥራ ሦስተኛውንም። አሥራ አራተኛው እንከን ሳይኖረው ወጣ። ጂቱ ላከችውና ጫማዋን በእግሯ እየጎተተች ወጣች።

እሷ ስትመለስ ግሩፑ በጭብጨባና በልብ ምልክት ተጥለቅልቋል። እናታቸው ከሞጆ ስትገባ፣ ድምፁን አለቃዋ ሳይቀር ሰምቶ ማን አስጠናት ብሎ እንደጠየቀ እያወራች የጂቱን ግንባር ሳመች። ጂቱ በዚህ ቤት የምትታወቀው በምላሷ ስለሆነ፣ ግንባሯ ሲሳም የት እንደምትገባ ጠፋት። ወዲያው ቲቸር ሑስና ጻፈች፤ ሰኞ በረፍት ሰዓት ሶረቲ ይህንኑ በሚኒ ሚዲያ ለተማሪው ሁሉ ታቀርባለች።

እሑድ ከቸርች መልስ እናታቸው አንዴ አለማምጂያት አለች። ሶረቲ ግን የለችም። ጂቱ መኝታ ቤት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተወሽቃ አገኘቻት። ሆዴን ያመኛል፣ ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ጂቱ ጎኗን ኮረኮረቻት፤ አልሳቀችም። ሲኮረኩሯት የማትስቅ ሶረቲ አይታ አታውቅም።

«ማይኩ ላይ ብሳሳትስ?» አለች ሶረቲ።

«አትሳሳቺም። አሥራ አራቴ እኮ ብለሽዋል።»

«አሥራ ሦስቱ የት ሄዱ?»

«አጠፋኋቸዋ።»

ሶረቲ ጉልበቷን አቀፈች። «የአባባን ግን አላጠፉባቸውም።»

የከሰሰቻት አይመስልም፤ ግራ ገብቷት ነው። እውነት ነው፤ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያቺን ስሕተት ቆርጠው መጣል ይችሉ ነበር። አልጣሏትም። ሶረቲም ከሃያ ደቂቃው ፊልም ውስጥ የወደደችው እሷኑ ነው። ጂቱ ደግሞ ቁጭ ብላ አሥራ ሦስት ጊዜ ስትሰርዝ ዋለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ነገ ሶረቲ ማይክ ጨብጣ ደርቃ ትቆማለች፣ ሰው አፈረች ይላል፣ ይረሳል። ብትናገር ግን እናቷ ለቢሮው ሁሉ የላከችውን ምን ብላ ትመልሰዋለች? ሳታስበው እጇ ግንባሯን ነካ።

ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ስልኩን አወጣች።

«ስለ አባባ ሳጥን ያልሽው ትዝ ይልሻል?»

«ይተነፍሳል ያልኩት?»

«እሱን።»

ግሩፑን ከፍታ ጣቷን ማይኩ ላይ አሳረፈች። «ቲቸር፣ የሶረቲ እህት ጂቱ ነኝ። የትናንቱን የጻፍኩት እኔ… ማለቴ እሷ አይደለችም… እሷ ያለችው…»

ምላሷ ተሳሰረ። ጣቷ ለምዶበት ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ። ሶረቲ ጣቷን ታያለች።

«ተሳስቻለሁ፤» አለች ጂቱ ጣቷን መልሳ፣ «እንደገና።»

እንደገና አለችው። ከዚያ ስልኩን ወደ ሶረቲ አፍ አስጠጋችው። ሶረቲ ስለ ሳጥኑ ተናገረች፣ መሀል ላይ ሳቀች፣ ከሳቀችበት ቀጠለች። ጂቱ ጣቷን አነሣች፤ ድምፁ ግሩፑ ላይ ገባ።

ሳሎን ውስጥ የእናታቸው ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።