የሌሉት ገምጋሚዎች

የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ አስከሬን ጠዋት ከሕንፃው ሥር ተገኘ። ከበላዩ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የቢሮው መስኮት እንደተከፈተ ነበር። ፖሊሶቹ «ራሱን ነው የወረወረው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ፣ ታላቅ እህቱ የመርማሪዋን እጅ ያዘች።

«ልጄ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሄጄ ከጠየቅሁት ግን ቆየሁ። በእኔ ከፍቶት ከሆነ እውነቱን ንገሪኝ።»

መጽሔቱ የቲያትርን፣ የሙዚቃንና የሥዕልን ገበያ የሚያጠኑ ጽሑፎችን ያትማል። መርማሪዋ ቢሮውን አስተውላ አየች። የእንግዳው ወንበር መደገፊያ አቧራ ለብሷል፤ መቀመጫው ግን ንጹሕ ነው።

«ሰው ይመጣበት ነበር?» ብላ ምክትል አዘጋጁን ጠየቀችው።

«ማን ይመጣል ብለሽ! እኔም ሥራዬን ከቤቴ ነው የምልክለት።»

«ጠላትስ?»

«ጽሑፉ የወደቀበት ሁሉ ይጠላናል። ጽሑፉን አንብበው የሚጥሉት ግን ሁለት ገምጋሚዎች ናቸው። ማንነታቸውን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ደንብ ነው።»

በቅርቡ ጽሑፉ የወደቀበት በቲያትር መግቢያ ዋጋ ላይ የጻፈ መምህር ነበር። ጽሑፉ ካልታተመ ከማስተማር ሥራው ይሰናበታል።

«ዘንድሮ ቢሮውን ረግጬ አላውቅም» አላት መምህሩ። «ሰውዬው ግን ራሱ ጽፎ ራሱ ጣለኝ!»

በማግስቱ እህትየውን፣ ምክትሉንና መምህሩን ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እንግዳ ነበረው» አለች። «መቀመጫው ላይ ሰው ስለተቀመጠበት አቧራው ተጠርጓል። ማን ነው? ምክትሉ ገምጋሚዎች አሉ ብሎ ያምናል። መምህር፣ የተላከልህ መልስም ‹ሁለት ገምጋሚዎች› ነው የሚለው። አንተ ግን ‹ራሱ ጽፎ› አልከኝ። ኮምፒውተሩን አስከፈትኩ፤ እውነትህን ነው። የሚገመግምለት ሰው ሲያጣ፣ የሁለቱንም አስተያየት ራሱ ነበር የሚጽፈው።»

«እንዴ!» አለ ምክትሉ። «ሁለተኛውን ገምጋሚ እኮ በእሱ በኩል ሰላም እለው ነበር። ‹አክባሪህ ነኝ› እያለ ይመልስልኛል!»

የሳቀ አልነበረም።

«ታዲያ ለአንተ ማን ነገረህ?» አለች መርማሪዋ ወደ መምህሩ ዞራ።

«ገምቼ ነው።»

«የወንበሩ እጀታ ላይስ የጣትህ አሻራ በግምት መጣ?»

መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ልማጸነው ነበር የመጣሁት። ሰው ሲያገኝ ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ‹ገምጋሚ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ› አለኝ። መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ ደሜ ፈላና ገፋሁት። ‹ቆይ እንጂ፣ ትንሽ እናውራ› እያለኝ ነበር።»

እህትየው ወደ እሱ ቀረበች። ልትመታው መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ስለ ምን ሊያወራህ ፈልጎ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«አልጠየቅሁትም፣ እትዬ።»