ቀስ ብሎ የተናገረው ድምፅ

የአደጋ ጥሪ ክፍሉ የፈረቃ አለቃ ከጣቢያው የኋላ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሲገኝ፣ ጥሪውን የተቀበለችው ገና ሥራውን የምትለማመደው ልጅ ነበረች። ብቻዋን ጆሮ ማዳመጫ ባጠለቀችበት በመጀመሪያው ጠዋት መሆኑ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰውየው አልፏል። ከዚያ ወዲህ የደዋዩ ሹክሹክታ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ውኃ ስትቀዳ ይሰማታል፤ ፀጉሯን ስታበጥር ይሰማታል።

ይባስ ብሎ ባልደረቦቿ «ደንዝዛ ሰውየውን ለሞት ዳረገችው» ማለት ጀመሩ። ወሬው እውነት ከሆነ፣ ከልጅነቷ የተመኘችው ሥራ ገና ሳይጀመር አበቃ ማለት ነው።

ባልደረቦቹ በእርጋታው «ዝግተኛው» የሚሉት መርማሪ ግን ለወሬ ጆሮ አልሰጠም። የሟቹ የሸሚዝ ቁልፎች ከፊት ተበጥሰዋል። ራሱ የወደቀ ሰው የገዛ ደረቱን አይጨመድድም። ጥሪው የመጣው ከደረጃው ሥር ካለው የግድግዳ ስልክ ነው። በዚያ ሰዓት በቦታቸው ያልታዩት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ተጣልተን ነበር፤ አልክድም» አለ የመሣሪያ ጠጋኙ። «ግን ጣሪያ ላይ አንቴና ሳጠብቅ ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የበሩ ጥበቃ ነው። «የገዛ ወንድሜን? እግዜር ይይልኝ!» ብሎ አለቀሰ።

«እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ» አለች የልጅቷ አሰልጣኝ። «ይቺን ልጅ ብቻዋን ጥዬ መውጣቴ ነው የሚቆጨኝ።»

መርማሪው ወደ ልጅቷ ዞረ። «ደዋዩን ምን ምን ጠየቅሽው?»

«ምንም። ምላሴ ተሳሰረ።»

«ታዲያ የጥሪ መዝገቡ ላይ ያለውን ይሄን ሁሉ ከየት አምጥተሽ ጻፍሽው?»

«ሳልጠይቀው ነገረኝ።»

መርማሪው የጥሪውን የድምፅ ቅጂ አስመጣ። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ ሰብስቦ ከፈተው።

«የጣቢያው የኋላ ደረጃ...» የልጅቷ ኪቦርድ ድምፅ። «ከጋራዡ ጎን...» ኪቦርድ። «ራሱን ስቷል፤ ይተነፍሳል...» ኪቦርድ። «የብረት በሩ ክፍት ነው።»



«የደነገጠ ሰው ‹ድረሱልኝ!› ብሎ ይጮኻል» አለ መርማሪው። «ያለበትን ቦታ የሚናገረው በስንት ልመና ነው። ይሄኛው ቦታውን አስቀደመ፤ ከዚያ የቦታውን ምልክት፣ ትንፋሹን፣ መግቢያውን። እናንተ የምትጠይቁት በምን ተራ ነው?»

«በዚሁ ተራ» አለች ልጅቷ።

«ይሄንንማ ማንም ሰምቶ ይይዘዋል!» አለ ጠጋኙ።

«ልክ ነህ። አሁን ደግሞ ዝምታውን ስሙ።» መልሶ ከፈተው። ድምፁ የሚቀጥለው ኪቦርዱ ጸጥ ሲል ብቻ ነበር። «አንተ ማሽን ትጠግናለህ እንጂ ጥሪ ተቀብለህ አታውቅም። ወንድምየው ከበሩ አልፎ እዚህ ገብቶ አያውቅም። እጇ ያልፈጠነ ተለማማጅ ጽፋ እስክትጨርስ መጠበቅ የለመደው ማነው?»

ሁሉም ወደ አሰልጣኟ ዞሩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የአንዲት እናት ጥሪ ቀልድ መስሎኝ ዘጋሁባት። ልጇ ሞተ» አለች። «አለቃው ደብቆልኝ ነበር። ዛሬ ሄጄ ለእናቲቱ እነግራታለሁ አለኝ። ደረቱን ይዤ ለመንኩት፤ እምቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

«ከገፋሽው በኋላ ለምን ደወልሽ?»

«ይተነፍስ ነበራ!»

«ልጅቷ አንዲት ቃል አላመለጣትም፤ አልዘገየችምም» አለ መርማሪው ለተሰበሰቡት። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«እትዬ» አለች ልጅቷ፤ «ቶሎ ተናግረሽ ብትዘጊውኮ ማንም አያውቅሽም ነበር።»

«እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ቀስ ያልኩት እንድትደርሺበት ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ፖሊሶች አሰልጣኟን ሲወስዷት ስልኩ ጠራ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሰልጣኟ በሩ ላይ ቆም ብላ ዞረች።

«ሰው እየጠራሽ ነው፤ አንሺው እንጂ!»

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ አነሳችው።