ኮረንቲ አሁንም ትይዛለች?

«ባለፈው ሳምንት ብቻ ዘጠኝ!» አለ የሚጢ አባት ክርኑን የእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ አስደግፎ። «ዘጠኝ አይጥ፣ እትዬ! አንዱንማ ሳየው የጎረቤት ድመት መስሎኝ ባለቤቷን ላስጠራ ነበር።»

ሚጢ የበቆሎ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። አይጦቹ አራት ነበሩ። አራቱንም የያዘችው ደግሞ አሮጊቷ ውሻቸው ኮረንቲ ሳትሆን እሷ ራሷ ናት።

ውሻ አርቢዋ ሴትዮ አልሳቁም። ይዘውት የመጡትን ካርቶን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ገለጥ አደረጉት። አንድ ቡኒ ቡችላ ብቅ አለ። እግሩ አጭር ነው፤ ጆሮው ግን ለሦስት ውሻ ይበቃል። እናቱ መጀመሪያ ጆሮውን ወልዳ፣ የቀረውን በኋላ ትዝ ሲላት የጨመረችው ይመስላል።

የሚጢ ልብ ዘለለ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነው። ግን እንዲህ ቶሎ አልነበረም። የቤቱ ስምምነት ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ትልቁ ፈተና፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ቡችላ። ማሠልጠኑም የሚጢ ሥራ እንደሚሆን አባቷ ቃል ገብቶላታል። ዛሬ ጠዋት ግን ቡችላውን ሊወስድ የነበረው ባለወፍጮ ሐሳቡን ቀየረና አርቢዋ ካርቶናቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«የእኔ ደንብ አንድ ነው» አሉ። «ቡችላ አይጥ መያዝን ከሰው አይማርም፤ ከውሻ ነው። አስተማሪ የሌለበት ቤት አልሰጥም። ያለ አስተማሪ ካደገ ጆንያ ሲቦጭቅ የሚውል ዱርዬ ነው የሚወጣው።»

«አስተማሪማ አለን!» አባቷ ደረቱን ነፋ። «አስተማሪ ብቻ? ፕሮፌሰር!»

ፕሮፌሰሯ ከሚዛኑ አጠገብ አሮጌ ጆንያዋ ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች።

ኮረንቲ ስሟን በከንቱ አላገኘችውም። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ እዚህኛው ጫፍ ያለ ሰው እዚያኛው ጫፍ ላለው ሰው ከሚጮህ በፖስታ ቢልክለት ይፈጥናል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ አንዲት አይጥ ጢሟን ብታብስ ኮረንቲ ትሰማት ነበር። የአይጥ እናቶች አልተኛም የሚሉ ልጆቻቸውን «ኮረንቲ መጣችልህ!» እያሉ ያስተኙ ነበር ቢባል ውሸቱ ጥቂት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ግን ተሸካሚው፣ ኩንታል እንደ ላባ ስለሚያነሳ ላባ ነው የሚባለው፣ የብረት ባልዲ ከእጁ አመለጠው። ጩኸቱ ሙት ይቀሰቅሳል። ሚጢ ዘለለች፤ አንድ ደንበኛ ዘለለ፤ ላባ ራሱ ዘለለ። ኮረንቲ ጅራቷን እንኳ አላነቃነቀችም። ሚጢና ላባ ተያዩ።

«ለአባዬ እንዳትነግረው» አለች ሚጢ ቀስ ብላ።

«ምኑን?» አለ ላባ። «እኔ ምን አየሁና!»

አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ግን «መጋዘን ውስጥ ጡረታ የለም» የሚል አባባል አለው። ኮረንቲ የደከመች ቀን ወደ እህቱ ግቢ እንደሚልካት ሁልጊዜ ይናገራል። እዚያ ግቢ ያለ ውሻ ደግሞ የሚያውቀው ዓለም የሰንሰለቱን ርዝመት ብቻ ነው። ስለዚህ ላባ የሽቦ ወጥመድ ፈልጎ አመጣላት። ሚጢም ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የተያዘውን አይጥ ኮረንቲ አፍንጫ ሥር ማስቀመጥ ጀመረች።

«አቦ፣ አንቺ'ኮ ውሻ ለመሆን ጅራት ብቻ ነው የቀረሽ» ይላታል ላባ።

አባቷ አይጡን ያያል፣ ይኮራል፣ ለደንበኛ ያወራል። አይጡ ከአባቷ አፍ ወጥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ጥንቸል ያክላል፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቀንድ ያወጣል።

አሁን አርቢዋ ወደ ሚጢ ዞሩ። «የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ አይደል፣ ልጄ? እስኪ አንቺ ንገሪኝ። ኮረንቲ አሁንም ትይዛለች?»

አባቷ በዓይኑ ጠቀሳት። ላባ ኩንታሉን እንደተሸከመ ባለበት ቆመ።

አንድ ቃል ነው። «አዎ» ብትል ቡችላው ዛሬውኑ የእሷ ነው። ኮረንቲም ፕሮፌሰር እንደተባለች ትኖራለች፤ የአባቷም ዘጠኝ አይጥ ዘጠኝ እንደሆነ ይቀራል። ማን ይጎዳል? ሚጢ አፏን ከፈተች።

ይሄኔ ከምስሩ ጆንያዎች ኋላ አንድ ነገር ኮሽ አለ።

የቡችላው ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ከካርቶኑ ተንከባሎ ወጣና አንድ እግሩን አንሥቶ ኮረንቲን አያት። ኮረንቲ ታንኮራፋለች። እንደገና ኮሽ አለ። ቡችላው እንደገና አያት። ትንሽ ጠበቃት። ከዚያም ሄዶ ጎኗ ተጋደመና ልክ እንደ እሷ አገጩን መዳፉ ላይ አሳረፈ።

ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ነው። አይጥ ኮሽ ሲል ይተኛል።

«አትይዝም» አለች ሚጢ።

«እ?» አለ አባቷ።

ሚጢ ከጆንያው ወርዳ ወደ ምስሩ ኋላ ገባች፤ ወጥመዱን አምጥታም ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሽቦው ላይ የትናንቱ አይጥ ፀጉር አለ። «ጆሮዋ አይሰማም። አይጦቹን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ዘጠኙንም?»

«አራት ናቸው፣ አባዬ።»

ላባ ሳቁን ሊውጥ ሲል ኩንታሉ ከትከሻው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የአባቷ ፊት በርበሬ መሰለ። «እኔ'ኮ ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነግሬዋለሁ! እሱ ደግሞ ያልነገረው ሰው የለም! ምን አድርጊ ብሎሽ ነው?»

«እዚያ ግቢ እንዳትልካት ብዬ ነው» አለች ሚጢ።

አባቷ ክርኑን ከሚዛኑ ላይ አንሥቶ ወደ ኮረንቲ ዞረ።

አርቢዋ ወጥመዱን አነሱና ኮረንቲ አፍንጫ ሥር ያዙት። ማንኮራፋቷን አቆመች። አፍንጫዋ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ። ኮረንቲ ጉልበቷን እያንቋቋች ተነሣች፤ ሲሚንቶውን እያሸተተች በቀስታ ሄዳ ከጆንያዎቹ መካከል አንዱ ፊት ቆመች። ኮሽታው የተሰማው ከዚያው ጆንያ ኋላ ነበር። ቡችላውም ተነሥቶ እየተንደረደረ ተከተላት።

«አፍንጫዋ ደህና ነው» አሉ አርቢዋ። «ግማሽ አስተማሪ ናት። ግማሹን የሚሞላላት ሰው ያስፈልጋል። ኮሽታውን የሚሰማ፣ እሷን የሚቀሰቅስ። በየቀኑ ነው፤ አንድ ቀን ቢዘለል ስንፍናውን ይለምዳል። ፈተናሽ መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ቀርቶታል።»

«ለእሱም ዋናው የመማሪያ ጊዜ ያው ሁለት ወር ነው እንግዲህ። ካልሆነ ግን ከፈተናሽ በኋላ ሌላ ይወለዳል። ማንም አይቆጣሽም።»

ሚጢ ኮረንቲን አየች። ቡችላ ሁልጊዜ ይወለዳል። ያ አፍንጫ ግን እስከዚያ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ የለም። በሌላ በኩል ጂኦሜትሪው አለ፤ ገና ሦስት ማዕዘን ላይ ነች። ጓደኞቿ አልፈው እሷ ብትቀርስ? ወደ አባቷ ዞረች።

«እኔ ዛሬ አልናገርም» አለ አባቷ እጆቹን አንሥቶ። «የዓመቱን ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

በዚህ መሐል የዳቦ ቤቱ ሰውዬ አንገቱን በበሩ አስገባ። «እህሳ፣ ኮረንቲ ዛሬ ስንት ጣለች?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። ወጥመዱን አየ፣ ሚጢን አየ። «ዛሬ አትይዝም» አለ በመጨረሻ። «ማስተማር ጀምራለች። ከእንግዲህ ሥራዋ እሱ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ከየአገሩ ተማሪ እየመጣላት ነው።»

ሚጢ ወደ ቢሮው ገባች። ጸጥ ብላ እንድታጠና አባቷ የለቀቀላት ጠረጴዛ አለ፤ በሩ ሲዘጋ የመጋዘኑ ድምፅ አይሰማም። መጽሐፎቿን ሰብስባ አቀፈቻቸውና ወጣች፤ በሩንም በእግሯ ከኋላዋ ዘጋችው። ባዶ ሣጥን ገልብጣ ምስሩ አጠገብ አስቀመጠች፤ መጽሐፎቹን ላዩ ላይ ደርድራ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

አርቢዋ ባዶውን ካርቶን አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ሚጢ ጂኦሜትሪውን ገልጣ አንዱን ሦስት ማዕዘን ሳትጨርስ ኮሽ አለ። እርሳሷን አስቀምጣ ሲሚንቶውን በመዳፏ ሁለቴ መታችው። ንዝረቱ በመሬቱ ሄዶ ኮረንቲ ደረት ሥር ሲደርስ አሮጊቷ ቀና አለች። ቡችላውም አያትና ቀና አለ።