ዘጠኝ ጫማ ጥላ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም፣ ሰው ተአምር አየሁ ሲለኝ «ሙቀቱ ነው፣ ሂድና ጥላ ሥር ተኛ» ብዬ የማባርር ነበርኩ፣ አሁን እናንተም እንደዚያው ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ከመተማ ተሻግሬ ገዳሪፍ በረሃ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ እሠራለሁ። ያን ጊዜ የጽጌ ጾም ነበር፣ እናቴ ዘንድ የተውኳት ልጄ ሕመም ጠንቶባት፣ «እመቤቴ፣ ልጄን ማሪልኝ እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አልቀምስም» ብዬ ተስያለሁ። አርብ ሥራ የለም፣ እርሻው ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም፣ እስቲ ዶካ የሚሏትን ከተማ ልያት፣ የልጄንም ወሬ ልስማ ብዬ ብቻዬን በእግሬ ወጣሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «የሱዳን ሰው የሰጠሽን እንዳትቀምሺ» ብለው አስፈራርተውኛል፣ እኔ ሞኝም አምኛቸው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ!

መንገዱ ዛፍ የሚባል የለበትም። ቀትር ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ልወድቅ ስል ጠብ… ጠብ… የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ነጭ ቶብ የለበሰች አሮጊት ዚር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዚር ሱዳኖች ለመንገደኛ ውኃ ሞልተው የሚያስቀምጡት የሸክላ ጋን ነው።

«ተፈደሊ፣ ያ ቢቲ» አለችኝ፣ እንኪ ጠጪ ልጄ ማለቷ ነው።

«ሳይማ ነኝ እማማ፣ ጾመኛ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ብድግ ብላ ከተረከዜ ጀምራ ጥላዬን በእግሯ መስፈር ያዘች፣ ተረከዟን ከጣቷ እያጋጠመች፣ ልክ እናቴ ጾም ለመፍታት እንደምትለካው! ደግሞ በአማርኛ ነው የቆጠረችው፣ «አንድ… ሁለት…» እያለች ዘጠኝ ላይ ቆመች። በእኛ ቤት ዘጠኝ ጫማ ማለት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም መፍቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ እመኑኝ፣ ቅድም ሦስት ጫማ የማትሞላው ጥላዬ መሬቱ ላይ ተዘርግታለች።

«ደርሷል፣ ጠጪ» አለችኝ። ጠጣሁ፣ አቤት ያ ውኃ!

ዶካ ገብቼ ሐሊማ የምትባል ሻይ ሻጭ ዘንድ ቁጭ አልኩ፣ የእኛን ሰው ስታስተናግድ አማርኛ ለምዳለች። ስልኬን ስከፍት ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል። ስድስት ተኩል! ስለቴን አፈረስኩ፣ ልጄን ገደልኳት ስል ስልኩ ጠራ፣ እናቴ ናት፣ «ልጅሽ አሁን ተነሥታ እህል ቀመሰች» አለችኝ። ሐሊማ፣ ስሜን እንኳ የማታውቅ ሴት፣ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ተጠንቀቂያቸው የተባልኩት እነዚህን ሰዎች ነበር እንግዲህ!

ስለ ዚሩ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ፣ «ማ ፊ፣ እዚያ ዚር የለም፣ ስባሪ ገል ብቻ ነው» አለች። ስመለስ አየሁት፣ እውነትም ገል፣ ለዚያውም ደረቅ።

ስለቴ ይፍረስ አይፍረስ ዛሬም አላውቅም፣ ልጄ ግን ድናለች። እኔም እዚያው ቦታ አዲስ ዚር አስቀምጬ በየአርቡ እሞላለሁ። ባለፈው አርብ ውኃውን እየገለበጥኩ ወደ ኋላዬ ብመለከት፣ አቧራው ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ፣ ተረከዙ ከጣት የተጋጠመ። ስመጣ አልነበረም። የሚጀምረውም ከዚሩ አይደለም፣ እኔ ከቆምኩበት፣ ከገዛ ተረከዜ ነው፣ ጥላዬን ተከትሎ።

አልቆጠርኩትም። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብዬ ዚሩን መሙላት ቀጠልኩ፣ ቀና ብዬ ላያት ግን ፈራሁ።