ያልተዜመው መመለሻ

ባኩማር የተባለው የባሕር ዘንዶ ጨረቃን በዋጠ ማግስት፣ በዳሉማይ ደሴቶች ባሕሩ መሙላትና መጉደል አቆመ። ውኃው እንደ ኩሬ አረንጓዴ ለበሰ። ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተንሳፈፈ። ሕዝቡም ቅጠል እየቀቀለ መብላት ጀመረ።

የንጉሥ ራጋዊ ልጅ ካሊም ጨረቃን ለማስመለስ ዘምቶ ቀረ። የቀረውም በዘንዶው ብርታት ብቻ አልነበረም። በዳሉማይ ሕግ የዘማች ጉዞ በዜማ ይታጀባል፤ የመጨረሻው ስንኝ፣ መመለሻ የሚሉት፣ ለአንድ ጉዞ አንዴ ብቻ ይዜማል። የተዜመለት ከሞት አፍም ቢሆን ቤቱ ይገባል። ንጉሡ ግን በስንብቱ ግብዣ ላይ ሰክሮ «የልጄን መመለሻ አሁን ልስማ!» አለ። ተዜመ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካሊም ከመቀመጫው ሳይነሣ «ተመለሰ»፤ ባሕር ላይ የሚመልሰው ስንኝ አልቀረለትም።

እህቱ ዳላንግ ግብዣ አልፈለገችም። በአባቷ ፊት ቆማ፣

«በወንድሜ ባዶ መቃብር እምላለሁ፤ ጨረቃን ሳላወጣ ይህን ደጅ አልረግጥም» አለች።

«በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቅሻል፣ ልጄ።»

«በሩን ይተዉት። አፍዎን ይዝጉልኝ።»

አብሯት የሄደው በግብዣው ላይ ያዜመው ዓይነ ስውሩ አዝማሪ አባ ላቡን ብቻ ነበር።

«አባ፣ ጀልባዋ በእኔ ክንድ ብቻ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«እኔ የምቀዝፈው በአፌ ነው። ክንድሽ ሲዝል ታመሰግኚኛለሽ።»

«ዝሏል።»

«እንግዲያው አመስግኚኝ።»

ጎህ ሲቀድ፣ ለዳላንግ ደሴት የመሰላት ነገር ተነፈሰ። ባኩማር አፉን ሲከፍት ጦሯን ይዛ ዘላ ገባች። በጥርሶቹ መካከል የካሊም ጋሻ ተሰክቶ ነበር። ነቅላ በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል አቆመችው። ጨረቃ ጉሮሮው ላይ እንደ ታመመ ሕፃን ገርጥታ ተቀርቅራለች። ዳላንግ ገፋቻት፤ አልተነቃነቀችም። በጦሯ ጉሮሮውን ወጋች፤ ጦሩ ተሰበረ። ጋሻው መሰንጠቅ ጀመረ።

«አባ! መመለሻውን!»

የሽማግሌው ድምፅ ከጀልባዋ ተነሣ። «ዳላንግ፣ የራጋዊ ልጅ...»

«የእኔን አይደለም! የጨረቃን!»

ዜማው ተቋረጠ። «ልጄ፣ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ! ያዚሙ እንጂ፣ ጋሻው እየተሰበረ ነው!»

አዜመ። «ጨረቃ፣ የሰማይ ልጅ፣ እሳትሽ አልጠፋም፣ ምንጣፍሽ ተነጥፏል፤ ግቢ።» ጨረቃ ተነቃነቀች፤ የዳላንግን ትከሻ አቃጥላ አለፈችና ወደ ሰማይ ወጣች። አባ ላቡን ይህን አላየም። የሰማው ጋሻው ሲሰበርና መንጋጋው ሲገጥም ነው።

ከዚያ ባሕሩ ተነሣ፤ ቀዛፊ የሌላትን ጀልባ ገፍቶ ከዳሉማይ አደረሳት። ንጉሡ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

«የልጄን ዜማ አሰማኝ።»

አባ ላቡን አዜመ። ከዘንዶው ጥርሶች ሲደርስ አቆመ።

«ጨርሰው!»

«ስንኙ አልቋል፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ሌላ ግጠምላት! አዝዤሃለሁ!»

«አንዴ ያለ ቦታው አዜምኩልዎ» አለ ሽማግሌው። «ይበቃናል።»

ባሕሩ እየሞላ ነበር። ሕዝቡ መረቡን ተሸክሞ በንጉሡ አጠገብ ሮጠ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ራጋዊ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ተወው።